የቤት ውስጥ ባር፦ ከጠርሙሱ በፊት መለኪያው

በቡፌው መስታወት ውስጥ ለዓይን የተቀመጠ የውስኪ ጠርሙስ በብዙዎቻችን ቤት የኖረ ነገር ነው። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ ይቀዳል፣ ተመልሶ ይቆለፍበታል። አሁን አሁን ግን ሳሎን ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አዘጋጅተው ኮክቴል እየቀላቀሉ የሚያስተናግዱ ቤተሰቦች ብቅ ብቅ ብለዋል። ኮክቴሉ ከውጭ ይምጣ እንጂ መስተንግዶው የእኛው ነው፤ ጠላ ጠምቀን፣ ጠጅ ጥለን እንግዳ ስንቀበል የኖርን ሰዎች ነን።

እርስዎም ለመጪው በዓል ወይም ለልደት እንዲህ ያለ ጥግ ለማዘጋጀት አስበው ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ “የትኛውን ጠርሙስ ልግዛ?” ሳይሆን “ስንት ልቅዳ?” የሚለው ነው።

ሒሳብ የማይያዝበት ቤት

በመጠጥ ቤት ሒሳቡ ይቆጥራል። አራተኛውን ሲያዝዙ ኪስዎ ያስታውስዎታል፤ አስተናጋጁም ያያል። ቤት ውስጥ ግን ብርጭቆ ገና ሳይጎድል ይሞላል። አሳላፊው የጎደለ ብርሌ ማየትን እንደ ነውር ስለሚቆጥረው እንግዳው ስንት እንደጠጣ ራሱም አያውቅም። በኮክቴል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሎሚውና ማሩ የአልኮሉን ጣዕም ስለሚሸፍኑት ምላስ አያስጠነቅቅም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። 150 ሚሊ ሊትር ባለ 12 በመቶ ወይን 14 ግራም ያህል ይይዛል። 45 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ጂን ወይም ቮድካም እንዲሁ 14 ግራም ያህል ነው። ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን በዓይን ግምት “ትንሽ ጨመር” ተደርጎ ጂኑ 90 ሚሊ ሊትር ከደረሰ፣ እንግዳዎ በአንድ ብርጭቆ ሁለት ቢራ ጠጥቷል። እሱ ግን “አንድ ብቻ ነው የቀመስኩት” ብሎ መኪናውን ያስነሳል። የአንዱን ቢራ አልኮል እንኳ ለማስወገድ ጉበት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም።

ለጅምር የሚበቃ ዕቃ

*መለኪያ።* የአረቄ መለኪያ በየቤቱ አለ፤ ችግሩ መጠኑ ከቤት ቤት መለያየቱ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ካለዎት ባዶውን መለኪያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉትና ውሃ ይጨምሩበት፤ 1 ግራም ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ሚዛን ከሌለዎት ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌው፣ ይበቃል። 45 ሚሊ ሊትር የሚደርስበትን ቦታ ከውጭ በጥፍር ቀለም ምልክት ያድርጉበት። መለኪያዎ ትንሽ ከሆነና 45 ካልያዘ፣ ስንት ጊዜ መቅዳት እንዳለብዎ አስቀድመው ይወቁ።

*መበጥበጫ።* ሼከር ከሌለዎት ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ ያገለግላል። ለማጥለል የሻይ ማጥለያ፣ ናና ለመጫን ደግሞ ትንሽ ዘነዘና ይበቃል። ናናውን ጫን ጫን ያድርጉት እንጂ እንደ በርበሬ አይውቀጡት፤ ቅጠሉ ከተፈጨ ይመራል።

*በረዶ።* ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ከሥጋና ከበርበሬ ጋር ተከፍቶ የከረመ በረዶ ሽታውን ሁሉ ይዞ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። በተጣራ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሥሩት፣ ይሸፍኑት፤ ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን ደግሞ ያስባሉ ከሚሉት እጥፍ አድርገው ያዘጋጁ። ትልልቁ በረዶ ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ መጠጡን ቶሎ አያቀጥነውም።

የትኞቹ ጠርሙሶች?

አንድ ጂን ወይም ቮድካ፣ አንድ ነጭ ሩም፣ ሎሚ፣ ማር፣ ስኳር፣ ዝንጅብል፣ ናናና አንድ ሳጥን አምቦ ውሃ ካለዎት ባሩ ተከፍቷል። ከሎሚና ከማር ጋር ለሚቀላቀል መጠጥ ውድ ጠርሙስ መግዛት ትርፉ ድካም ነው። ቬርሙት ከገዙ ግን መሠረቱ ወይን መሆኑን አይርሱ፤ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ገብቶ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ማለቅ አለበት።

“የአገራችን አረቄስ?” የሚል ይኖራል። በቤት የሚወጣ አረቄ ጥንካሬው ከአንዱ ቤት ሌላው ስለሚለያይ ልኬትዎን ያፋልሰዋል። ከሁሉ በላይ ግን ምንጩን የማያውቁትን አረቄ ወደ ቤትዎ አያስገቡ። ሜታኖል ያለበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ አሽትተውም ሆነ ቀምሰው አይለዩትም።

ሦስት ጣዕም፣ አንድ ቀመር

የብዙ ኮክቴል መሠረት ሦስት ነገር ነው፦ ጠንካራ፣ ኮምጣጣ፣ ጣፋጭ። 45 ሚሊ ሊትር ሩም፣ 20 ሚሊ ሊትር አዲስ የተጨመቀ ሎሚ፣ 20 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ በበረዶ 15 ሰከንድ ያህል በኃይል በጥብጠው ካጠለሉት ዳይኪሪ ይሆናል። ስሙን ያገኘው በኩባ፣ በሳንቲያጎ አቅራቢያ ካለ ቦታ ነው። ሽሮፑ እኩል ስኳርና ውሃ አሙቆ በማቅለጥ ይሠራል። የእኛ ትንሿ ሎሚ ለዚህ መጠጥ የተፈጠረች ትመስላለች።

ሩሙን በጂን፣ ሽሮፑን በማር ይተኩት፤ ቢስ ኒስ የሚባለውን መጠጥ አገኙ። ማር በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ስለማይሟሟ፣ አስቀድመው ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ሙቅ ውሃ ይበጥብጡት። ላዩ ላይ ነጭ አረፋ እንዲኖረው ከፈለጉ ብዙዎች የእንቁላል ነጭ ይጠቀማሉ። ጾም ከሆነ ወይም ጥሬ እንቁላል ካልወደዱ፣ ያለ ጨው ሽምብራ የተቀቀለበትን ወፍራም ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ጨምረው መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ቀጥሎ ከበረዶ ጋር ይበጥብጡ። አረፋው ያስገርምዎታል።

ደንቡ ቀላል ነው። ጭማቂ ያለበት ይበጠበጣል፤ መጠጥ ብቻ የሆነው በማንኪያ ይማሰላል። ለምሳሌ ኔግሮኒ እኩል ጂን፣ ካምፓሪና ጣፋጭ ቀይ ቬርሙት ነው፤ በረዶ ላይ ተማስሎ በብርቱካን ልጣጭ ይቀርባል። ከየዓይነቱ 30 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ አልኮሉ አንድ ቢራ ተኩል ያህል መሆኑን ግን ልብ ይበሉ።

የማይጠጣው እንግዳ ብርጭቆ

የአንድ ቤት ባር የሚለካው ለማይጠጣው ሰው በሚያቀርበው ነገር ነው። ለሌላው ሁሉ ያጌጠ ብርጭቆ ሰጥቶ ለእሱ ለስላሳ ከነቆርኪው ማስቀመጥ “አንተ ዳር ነህ” እንደማለት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ጠጅ ለማይጠጣው ብርዝ ይዘጋጅለት ነበር፣ በዚያው ብርሌ።

እርስዎም እንዲህ ያድርጉ። አንድ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ልጠው ይክተፉ፤ ከአንድ እፍኝ ጠጅ ሳር፣ ከአንድ ብርጭቆ ስኳርና ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር 10 ደቂቃ ያንተክትኩት። ሲቀዘቅዝ አጥልለው ፍሪጅ ያስገቡት። ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ሞልተው 30 ሚሊ ሊትር ከዚህ ሽሮፕ፣ 20 ሚሊ ሊትር ሎሚ ይጨምሩና በቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ይሙሉት። ናና ጣል ያድርጉበት። የአምቦ ማዕድን ጣዕም ሎሚውን ያጎላዋል። ከዚህ መጠጥ አንድ ማሰሮ ሙሉ ያዘጋጁ፤ ጠጪዎቹም መሃል መሃል ላይ ይፈልጉታል።

“በሞቴ” የሚባልበትና የማይባልበት

“በሞቴ፣ አንድ ብቻ!” የፍቅር ቃል ነው፤ እንጀራና ወጥ ላይ ያምራል። መጠጥ ላይ ግን ሰውን አጣብቂኝ ውስጥ ይከታል። “አልጠጣም” ያለችው ሴት እርግዝናዋን ገና ለማንም ያልነገረች ልትሆን ትችላለች፤ በእርግዝና ወቅት ደግሞ ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን አይታወቅም። ዝም ያለው ጎልማሳ ከሱስ ለመውጣት እየታገለ ይሆናል። ሌላው መድኃኒት ላይ ነው፤ ሌላው ስለት አለበት፤ ሌላው ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም። “ለምን?” ብለው በሰው ፊት ሲጠይቁት ወይ እንዲዋሽ ወይ ምሥጢሩን እንዲያወጣ እያስገደዱት ነው። “እሺ፣ ዝንጅብሉን ልቅዳልዎት?” ማለት ይበቃል።

ምግብ ከመጠጥ በፊት ይቅረብ። ማን ነድቶ እንደሚመለስ እንግዶች ሲገቡ ይጠይቁ፤ ሲወጡ መጠየቅ ጭቅጭቅ ያመጣል። የሚነዳው ሰው ከዝንጅብሉ ይቀዳለት። የጠጣ ካለ ደግሞ ታክሲ ይጠሩለት ወይም ፍራሽ ያንጥፉለት፤ መኪናው ግቢዎ ቢያድር ምንም አይሆን።

ጨዋታው ሊያበቃ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ባሩን ይዝጉና ቡና ያፍሉ። ቀደም ሲል እንዳልነው ቡናው ስካር አያበርድም፤ ነገር ግን አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ድረስ ያለው ጊዜ ማንም ብርጭቆ የማይሞላበት ጊዜ ነው። “በቃን” ብሎ ፊት ሳያስቆጡ መጠጥን ለማቆም ከዚህ የተሻለ ጨዋ መንገድ የለም።

ከመተኛትዎ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ትራፊውን ይድፉ፤ ጠዋት ቀድመው የሚነሱት ልጆች ናቸው፤ ጣፋጭ ሽታ ያለው ትራፊ ይስባቸዋል። ጠርሙሶቹም ቁልፍ ባለው መሳቢያ ይግቡ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ሱቅ የተከለከለው ቤት ውስጥ ክፍት ሆኖ ማደር የለበትም።

መልካም መስተንግዶ! እንግዳዎችዎ በደኅና ገብተው በደኅና ይመለሱ።