«አይተውታል ይላል»

እማዬ ለቅሶ አመለጣት።

ሌላ አገር ቢሆን ይቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ማብራሪያ ትፈልግ ነበር። እዚህ ግን እድር ባለበት ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ ገና ሲያነባት ልቡ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ። ሰርግ ቢያመልጥ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ለቅሶ ሲያመልጥ ግን «ምን በድለናት ነው?» ይባላል።

ሟቿ የድሮ ሰፈራችን ሰው ናቸው። እማዬ እኔን የወለደች ጊዜ ገንፎ ካገነፉላት ሴቶች አንዷ ነበሩ። የተቀበሩት ማክሰኞ ነው። እማዬ የሰማችው ዓርብ፣ ያውም ታክሲ ተራ ላይ «ምነው ቀረሽ?» ስትባል ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትደርስ ድንኳኑ ተነቅሏል። ልጆቻቸው ምንም አላሏትም። እንቅልፍ የነሳት ይሄ «ምንም አለማለታቸው» ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። እሁድ በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ቀብር ያልወጡ አባላት ስም ተነበበ። እማዬ ብድግ ብላ «አልሰማሁም» አለች። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደሉም። ስልካቸውን አወጡ፣ ግሩፑ ላይ የለጠፉትን የሞት ማስታወቂያ ነካ አደረጉ፣ ያዩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የእማዬን ስም ፈልገው አሳዩ።

«እርስዎ አይተውታል ይላል እኮ!»

ቅጣቱ ትንሽ ነው፤ ከፈለች። ሠላሳ ዓመት በሚያውቋት ሰዎች ፊት ውሸታም መምሰሉ ግን በብር የሚከፈል አይደለም። ቤት እንደገባች ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ዋሸብኝ» አለችኝ።

እኔ የጋዜጠኝነት ተመራቂ ነኝ። ቋሚ ሥራ ባይኖረኝም የማጣራት አባዜው አለብኝ። ስልኩን ወሰድኩና ወደ ላይ ማገላበጥ ጀመርኩ። አዎ፣ መልእክቱ አለ። ከላዩ «መልካም ቀን» የሚል የጽጌረዳ ሥዕል፣ ከሥሩ «እናንተ ጋ ውሃ መጣ ወይ?» የሚል ጥያቄና የጥያቄው መልስ፣ የመልሱም መልስ። በሁለት ቀን ውስጥ የተጻፈውን ብቆጥረው ከ400 በላይ ሆነብኝ። እማዬ ይሄን ሁሉ አላነበበችም። ጥግ ላይ ያለችውን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ነካች፣ ስልኩ እየበረረ የመጨረሻው መልእክት ላይ አደረሳት፣ ቁጥሩም ጠፋ። ስልኩ እንደሚያውቀው ከሆነ ሁሉንም አይታለች።

ቀስቷን ማን አስተማራት አትሉኝም? እኔ! «ይሄ ቁጥር ያስጨንቀኛል» ስትለኝ «ይቺን ተጫኚያት፣ ይጠፋልሻል» ያልኳት እኔው ነኝ።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ቁጥር ነው። «ያልተነበበ 412» ስለሚለው።

ጥሩንባውን አስታውሱ

ድሮ ጥሩንባ ነፊ ነበር። ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ ጥሩንባውን ይነፋና የሟቹን ማንነትና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ይሄ ጥሩንባ ሦስት ጥሩ ጠባዮች ነበሩት። አንደኛ፣ ለጽጌረዳ ሥዕልና ለውሃ ወሬ አይነፋም፤ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ተኝታችሁም ቢሆን ይደርሳችኋል። ሦስተኛ፣ «ሰምታለች» ብሎ አይመዘግብባችሁም።

ዛሬም ጥሩንባ የሚነፋባቸው ሰፈሮች አሉ። የእኛ እድር ግን የልደታ ሰፈራችን ሲፈርስ አባላቱ ተበተኑ፤ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ። ልደታ ተነፍቶ ኮዬ ፈጬ የሚሰማ ጥሩንባ የለም። ስለዚህ ግሩፕ መከፈቱን አልቃወምም። እንዲያውም ግሩፑ ባይኖር ኖሮ እድሩ ራሱ ከሰፈሩ ጋር ይፈርስ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ጥሩንባውን ስንተካ ከሦስቱ ጠባዮቹ ስንቱን ይዘን መጣን? አንዱንም!

አንዲት መስመር

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ መልእክት መላላኪያዎች ለእያንዳንዱ ግሩፕ የሚይዙልን አንዲት መስመር ብቻ ነው፤ «እስከዚህ አንብባለች» የምትል። ከመስመሯ በላይ ያለው ሁሉ የተነበበ፣ ከመስመሯ በታች ያለው ሁሉ ያልተነበበ። መሐል ላይ «ይሄን ዘልዬዋለሁ» የሚባል ቦታ የለም። እናንተ ወደ መጨረሻው ስትዘሉ መስመሯም አብራችሁ ትዘላለች።

የሚገርመው ከዚህ የተሻለው ነገር የተሠራው ድሮ መሆኑ ነው። ዩዝኔት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ የጀመረ የኮምፒውተር ውይይት መረብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ላሪ ዎል፣ ያ በኋላ ፐርል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ሰው፣ ለዚህ መረብ አንድ የማንበቢያ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ አንባቢ አንዲት ትንሽ ፋይል ይይዛል፤ ፋይሏ ውስጥ ያነበባቸው ጽሑፎች ቁጥር በየተራው ይቀመጣል። ለምሳሌ «ከ1 እስከ 340፣ ከ345 እስከ 360» ይላል። ይህ ማለት ከ341 እስከ 344 ያሉት አራቱ አልተነበቡም ማለት ነው። ክፍተቱ አይጠፋም፤ ነገ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል። ኢሜይልም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱ ምልክት አለው። ሦስተኛውን ትታችሁ ዐሥረኛውን ብትከፍቱ፣ ሦስተኛው ያልተከፈተ መሆኑ እንደታወቀ ይቆያል።

ፈረንጅ ጋ ብቻ ለምን እንሄዳለን? የብራና መጻሕፍታችንን ያየ ሰው በአንዳንዶቹ ገጾች ጠርዝ ላይ የተሰፋ ባለቀለም ክር ያውቃል። ክሩ ጌጥ አይደለም፤ አንባቢው የሚፈልገውን ቦታ ሳያገላብጥ እንዲያገኘው የተደረገ ነው። የጥንት ጸሐፊዎች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። ጽሑፍ ሲበዛ የሚቸግረው ማንበቡ ሳይሆን ማግኘቱ ነው።

የዘመኑ ሰዎችስ ምን ላይ ተጠበቡ? ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰማያዊ ምልክት አመጣልን፤ መልእክቱ መነበቡን ለላኪው የሚናገር ማለት ነው። እንግዲህ ፍረዱ። እኔ ማንበቤን ለላኪው የሚነግር ምልክት አለ። እኔ ያላነበብኩት ምን እንደሆነ ለእኔ የሚነግረኝ ግን ቁጥር ብቻ ነው። 412! ከ412ቱ ውስጥ የትኛው ጽጌረዳ፣ የትኛው ሞት እንደሆነ የማይናገር ቁጥር።

«ታዲያ ለምን አታነቡም?»

ይሄን የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ግሩፕ በቀን 300 መልእክት ቢያስገባና ለአንዱ መልእክት 10 ሰከንድ ብትሰጡት 50 ደቂቃ ይፈጃል። እድር፣ ቤተ ዘመድ፣ የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር፣ የትምህርት ቤት ወላጆች፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ስትሉ አምስት ግሩፕ ቢኖራችሁ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። በየቀኑ! ጉልት የምትሸጥ ወይም ልጅ የምታዝል ሴት ይሄን ሰዓት ከየት ታመጣለች? አለማንበብ ስንፍና አይደለም፤ ቀኑ ስላልበቃ ነው።

ሌላው ደግሞ «ወሬው ይከልከል፣ ግሩፑ ለቁም ነገር ብቻ ይሁን» ይላል። በዚህም አልስማማም። ተበትኖ ለሚኖር ሰው ጽጌረዳዋና የውሃ ወሬዋ ሰፈሩ ናት። በአጥር ላይ «እንዴት አደራችሁ» መባባል ሲቀር ቦታውን የወሰደችው እሷ ናት። ጥፋቱ ወሬ መኖሩ አይደለም። ወሬና መርዶ አንድ ከረጢት ውስጥ ገብተው አንድ ቁጥር ሆነው መቆጠራቸው ነው።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ዛሬውኑ ልናደርገው የምንችለው። እያንዳንዱ እድር ሁለት ግሩፕ ይኑረው፤ አንዱ የጨዋታ፣ አንዱ የጥሩንባ። የጥሩንባው ላይ የሚጽፉት ጸሐፊውና ዳኛው ብቻ ናቸው። ዋትስአፕ ላይ አስተዳዳሪዎች ብቻ እንዲጽፉ ማድረግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቻላል፤ ቴሌግራም ላይም ቻናል መክፈት አለ። ያን ጊዜ የጥሩንባው ግሩፕ ላይ «1» የሚል ቁጥር ሲታይ የእማዬ ልብ ድንግጥ ይላል። ልክ እንደ ጥሩንባው። «412» ማንንም አያስደነግጥም፤ «1» ግን ያስደነግጣል። የምለው ሁሉ ተጠቅልሎ ሲገባ ይቺው ናት።

ሁለተኛ፣ የማስታወቂያው አጻጻፍ። የእኛ ጸሐፊ ማስታወቂያ «ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት በሙሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ ይጀምርና የሟቿ ስም አምስተኛው መስመር ላይ ይመጣል። ጋዜጠኝነት ስንማር የተገለበጠ ፒራሚድ የሚባለውን አስተምረውናል፤ ዋናው ነገር መጀመሪያ፣ ዝርዝሩ በኋላ። «ለቅሶ፦ እገሌ አርፈዋል፤ ቀብር ነገ በ9 ሰዓት፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን።» አለቀ። ሰላምታው ከዚያ ይከተል። ሁልጊዜ «ለቅሶ» በሚል ቃል ከጀመረ ደግሞ ያመለጠው ሰው ቃሏን ፈልጎ ያገኛታል። ይቺ የዘመናችን ባለቀለም ክር ናት።

ሦስተኛ፣ «አይቷል» የሚለው ምልክት ማስረጃ አይሁን። ምልክቱ የሚናገረው መስመሯ ማለፏን እንጂ ሰው መርዶ መስማቱን አይደለም። ጀሞ ያሉት አባላት እርስ በርስ፣ የካ አባዶ ያሉትም እርስ በርስ ይደዋወሉ። አንድ ስልክ ነው። መርዶ ድሮም በሰው አፍ ነው የሚነገረው።

ቀሪው ለሶፍትዌር ሠሪዎች ነው፤ እዚሁ አገር ውስጥ መተግበሪያ ለምትሠሩትም ጭምር። ቀስቷን የተጫነ ሰው አነበበ ተብሎ አይቆጠርበት። የዘለለው ይቀመጥለት፤ ሲመቸው «የዘለልሻቸው እነዚህ ናቸው» ተብሎ በዝርዝር ይቅረብለት። ለሁሉም የተጻፈው ለብቻ፣ እሷን በስም የሚጠራው ለብቻ፣ አስተዳዳሪው «አስቸኳይ» ያለው ለብቻ ይቆጠር። ላኪው መሰማቱን ማወቅ ከፈለገም «ሰምቻለሁ» የምትል ቁልፍ ትኑር፤ ሰው ወዶ የሚጫናት። ክፍተት መያዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ከተቻለ ዛሬ የሚያቅት አይመስለኝም።

ሐሙስ ዕለት ለጸሐፊው ደወልኩላቸው። መጀመሪያ ቆጣ አሉ። ስለ ቀስቷ ስነግራቸው ግን ትንሽ ዝም ብለው «እኔም እኮ እሷን ነው የምጫነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ መጥተሽ አሳዪን ብለውኛል። እሄዳለሁ። ከሁለቱ ግሩፕ በፊት ግን አንድ የምጠይቃቸው ነገር አለ፤ ያኔ «አይተውታል» ባሉበት ስብሰባ ፊት፣ እማዬ አለማየቷን ይናገሩላት።

እናንተም ዛሬ ማታ ቀስቷን ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተመልከቱ። እናታችሁንም ቀስቷን ካስተማራችኋት ምን እንደምታደርግ ጨምራችሁ ንገሯት። እኔ አልነገርኳትም ነበር።

ቸር ወሬ ያሰማን።