ኮምፒውተሩን ከማፍጠናችሁ በፊት ማዘርቦርዱን እወቁት

ወገኖቼ፣ ናይሮቢ፣ ካኩማ፣ ካምፓላ ያላችሁ፣ ባሕር ማዶ ሆናችሁ የምታነቡኝ ዘመዶቻችንም፣ ዛሬ ስለ ኢንተርቪውና ስለ ሪሴትልመንት አልጽፍም። ስለ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው የምጽፈው። ርዕሱ ትንሽ መስሏችሁ እንዳታልፉት፤ የልጆቻችን ትምህርትና እናንተ በላባችሁ የምትልኩት ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ነው።

ሰሞኑን ወጣቶቻችን ዘንድ «ኦቨርክሎክ እናድርገው» የሚል ነገር በዝቷል። ምክንያቱ ይገባኛል። በእርዳታ የመጣ ወይም «ኤክስ ዩኬ» ተብሎ ከሱቅ የተገዛ ዴስክቶፕ አለ። ይነሳል፣ ግን ዙም ሲከፈት ቀጥ ይላል። ልጁ ፈተና ደርሶበታል፣ አዲስ መግዣ የለም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ አንዱ በአምስት ደቂቃ ፍጥነት ሲጨምር ያያል። እጁን ቢያሳክከው አይፈረድበትም።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ማዘርቦርዱን ለዩ፣ ቀጥሎ ራምና ዲስኩን አስተካክሉ፣ ኦቨርክሎክን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ያውም በግል ማሽን ላይ ብቻ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከመደበለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ከማዘርቦርዱ የሚመጣው ምት በፕሮሰሰሩ ማባዣ ይባዛል። በየአሮጌው ዴስክቶፕ ውስጥ የምናገኘውን ኮር 2 ዱዎ ኢ 8400 ውሰዱ፦ 333 ሜጋኸርዝ በ9 ሲባዛ 3 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ምቱን ወደ 400 ብታሳድጉት 3.6 ይደርሳል። በወረቀት ላይ 20 በመቶ በነጻ ተገኘ።

ነገር ግን ይህን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ማዘርቦርዱ ነው። ለግል ገጣሚዎች የተሠራ ቦርድ፣ ለምሳሌ ፒ 35 ቺፕሴት ያለው የጊጋባይት ቦርድ፣ ባዮሱ ውስጥ «ኤም አይ ቲ» የሚል ገጽ አለው፤ ምቱ የሚቀየረው እዚያ ነው። ለእኛ በብዛት የሚደርሱን ግን ከቢሮ የወጡ የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ ኮምፓክ ማሽኖች ናቸው። የነሱ ባዮስ ይህን ምርጫ አያሳይም፤ ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ስለሆኑ ተዘግቷል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በወጡት ኢንቴሎች ደግሞ በአብዛኛው ማባዣው የሚከፈተው ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» ላለባቸው ነው፤ እሱም ቦርዱ ከፈቀደ። እንደ ኤች 61 ያለ ቦርድ ላይ «ኬ» ፕሮሰሰር ብትሰኩ እንኳ ማባዣውን አታሳድጉትም። ስለዚህ ቦርዱን ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ባዮስ ውስጥ የሚዞር ልጅ የሌለ በር እየፈለገ ነው።

ቦርዱን መለየት ከባድ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱና «ሜይንቦርድ» የሚለውን ገጽ እዩ፤ አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ ቺፕሴቱን ይነግራችኋል። ኢንተርኔት ከሌለ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ክፈቱ፣ አቧራውን ጥረጉና በካርድ መሰኪያዎቹ መካከል ወይም በራሙ አጠገብ በትልቁ የታተመውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የቦርዱን ማኑዋል በሞዴሉ ስም ፈልጉ። ማኑዋሉ የሚቀበለውን ፕሮሰሰር፣ የራሙን ዓይነትና መጠን ይዘረዝራል።

የዚህ ጥቅም ከኦቨርክሎክ በጣም ይበልጣል። ጂ 31 ቺፕሴት ያለው ቦርድ ከ4 ጂቢ በላይ ራም አይቀበልም፤ ፒ 35 ግን እስከ 8 ይሄዳል። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 ሁለቱም 240 እግር አላቸው፣ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ ግን መሃላቸው ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሉቱሊ ጎዳና ድረስ ሄዶ የማይገጥም ራም ይዞ የተመለሰ ሰው በየሰፈራችን ሞልቷል። አንድ ፎቶ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ደግሞ ልብ በሉ፤ አሮጌ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚያዘግመው ፕሮሰሰሩ ስለደከመ አይደለም። ራሙ ይሞላል፣ ከዚያ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ ሲጠብቅ ይውላል። ዲስክ የሚጠብቅን ፕሮሰሰር 20 በመቶ ብታፈጥኑት ቶሎ ደርሶ ይጠብቃል እንጂ ሥራው አይቀልም። 2 ጂቢ የነበረውን ራም 4 ወይም 8 ማድረግ፣ ዲስኩን በትንሽ ኤስኤስዲ መቀየር፣ ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ቀላል ሲስተም መጫን፤ ልዩነቱን የሚያመጡት እነዚህ ናቸው።

«ኦቨርክሎክ ነጻ ነው፣ ራምና ኤስኤስዲ ግን ገንዘብ ይፈልጋል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ግን ነጻ የሚመስለው ነገር ሒሳቡ በኋላ ይመጣል። ፍጥነቱ 20 በመቶ፣ ቮልቴጁ 10 በመቶ ከፍ ቢል ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል ከ40 በመቶ በላይ ይጨምራል። ያ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ካኩማ ላይ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በአቧራ በታፈነ ፋን፣ በጄነሬተር ወይም በሶላር መብራት ይህን አስቡት። ከመቃጠሉ በላይ የምፈራው ደግሞ ዝም ብሎ መሳሳቱን ነው። ያልተረጋጋ ማሽን ሳይጠፋ፣ ሳይጮህ ፋይል ያበላሻል። የልጁ አሳይመንት፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ስካን ተደርጎ የተቀመጠ የኬዝ ወረቀት እንዲህ ይጠፋል። ሠላሳ ልጅ የሚማርበትን የማዕከል ኮምፒውተር በዚህ መንገድ መሞከር ለኔ ልክ አይደለም።

የራሱ ማሽን ኖሮት፣ ቦርዱም ፈቅዶለት መማር የሚፈልግ ካለ ግን ይሞክር፤ አልከለክልም። ዕቃችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ፋኑን አጽዱ፣ የደረቀውን ፔስት ቀይሩ። ቮልቴጁን አትንኩ። ፒሲአይ ኤክስፕረስን 100 ላይ ቆልፉት፣ ምቱን በአምስት ወይም በአሥር ሜጋኸርዝ ብቻ አሳድጉ፣ በየደረጃው በሜምቴስትና በፕራይም 95 ፈትኑት። አልነሳ ካለ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሲአር 2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጧት፤ ባዮሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ሱቅ ላይ «የተፈጠነ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ደላላ ካገኛችሁ «ማዘርቦርዱ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መመለስ ካልቻለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱ።

ውጭ ላላችሁ ዘመዶቻችንም አንድ ነገር ልለምን። ልጁ «ኮምፒውተሩ አረጀ፣ አዲስ ላኪልኝ» ሲላችሁ በመጀመሪያ የቦርዱን ፎቶ ጠይቁት። ምናልባት የሚያስፈልገው ኪስ ውስጥ የምትገባ አንድ ራም ትሆናለች። ኮምፒውተር ሰብስበው ለሚልኩልን ድርጅቶችም እንደዚሁ፦ እያንዳንዱ ማሽን ላይ የቦርዱ ሞዴል፣ የራሙ ዓይነትና መጠን ተጽፎ ይምጣ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል፤ 11ን የማይቀበሉ የቢሮ ማሽኖች ደግሞ ብዙ ናቸው። ከነሱ ወደኛ የሚመጣው ይበዛል ብዬ አስባለሁ። ስደተኛ ስለሆንን የመጣውን ሁሉ አመስግነን እንድንቀበል መጠበቅ የለበትም፤ ምን እንደሚሰጠን የመጠየቅ መብት አለን። የማይሠራ ማሽን እዚህ ሲደርስ የእኛ ቆሻሻ ነው የሚሆነው።

በየማዕከሉ ሁለት ልጆች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ያሉትን ማሽኖች ከፍተው የቦርድ ዝርዝር በደብተር ይመዝግቡ። ከአንዱ የሞተ ማሽን የወጣ ራም ሌላውን ያነሳ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። የታተመውን ማንበብ ካቃታችሁ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት።