ዳቦ የሆነችው ስደተኛ

የዛሬው ወጋችን ስለ ዳቦ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በቅርቡ ከአንድ ወዳጄ ጋር ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን ለማየት እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ሄደን ነበር። ስንመለስ ርቦን «ሳሊ ለን» ከሚባል አሮጌ ሻይ ቤት ጎራ አልን። ምድር ቤቱ ሙዚየም ነው አሉን። ብንወርድ ዘውድም ጎራዴም የለም፤ ያረጀ ማድ ቤት ነው! «የእናቴ ጓዳም ሙዚየም ነበር ለካ» አለ ወዳጄ።

ዳቦው ትልቅ፣ ክብ፣ በእንቁላልና በቅቤ የተቦካ፣ ለስላሳ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው ይላሉ፦ ሶላንዥ ሉዮን የምትባል ፈረንሳዊት ፕሮቴስታንት በሃይማኖቷ ተሳዳ በ1680 ባዝ ገባች፤ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ያገሯን ዳቦ ጋገረች። እንግሊዞቹ ስሟ አልያዝ ቢላቸው «ሳሊ ለን» አሏት። ጥሩነሽ «ቲና» ስትባል የሰማ ሁሉ ይገባዋል።

የድሮ ጋዜጠኛ ነኝና ማስረጃ ፈለግሁ። የዳቦው ስም በጽሑፍ ብቅ ያለው በ1780 ገደማ ነው። የስደተኛዋ ታሪክ የተሰማው ደግሞ በ1930ዎቹ፣ የቤቱ አዲስ ባለቤት ከተሸሸገ ቁም ሣጥን የአሠራሩን ጽሑፍ አገኘሁ ካሉ ወዲህ ነው። ስሙ «ሶሌይ ኤ ሉን»፣ ማለትም «ፀሐይና ጨረቃ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ሴትየዋ ስለመኖሯ ግን የታመነ ሰነድ አልተገኘም።

«ምን ቸገረህ? ዳቦው ይጣፍጥ የለም እንዴ?» አለኝ ወዳጄ።

ቸገረኝ እንጂ! ባለፈው ዓመት የቀበርናቸው የሠፈራችን እናት፣ በየበዓሉ በኮባ ፈንታ በፎይል ሸፍነው ድፎ ይጋግሩልን ነበር። አሠራራቸውን የጻፈ የለም። ጋዜጠኛ ነኝ ባዩ እኔም በልቼ፣ እጄን ጠርጌ ወጣሁ። ጃንሆይ ቤታቸውን በ1958 ለባዝ ከተማ ስለሰጡ የስደት ታሪካቸው አድራሻ አለው። የተራው ስደተኛ ታሪክ ግን ካልተጻፈ፣ ነገ ሻይ ሻጭ እንዳሻው ይተርከዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ እናት ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ዱቄቱ ስንት ነው? እርሾውስ? ብላችሁ ጻፉ። «እኔ እንጃ ልጄ፣ በዓይኔ ነው የምለካው» ይሏችኋል። እሱንም ጻፉት።

ለሳምንቱ በሰላም ያድርሰን።