«ሌት ብላይት» ሲባል አርሶ አደሩ ምን ይሰማል?

በምዕራብ ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች ድንች የሚያመርት አርሶ አደር የማሳውን ዋና ጠላት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ዝናቡ ሲበረታና ጭጋጉ አልለቅ ሲል ቅጠሉ ላይ ውኃ የቋጠረ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ በቀናት ውስጥ ማሳው እሳት የላሰው ይመስላል። ለሥልጠና የሚመጣው ባለሙያ ግን ይህንኑ በሽታ «ሌት ብላይት» እያለ ያስረዳል። በእንግሊዝኛው «ሌት» ዘግይቶ የሚመጣ ማለት ነው። አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ ግን «ሌት» ሌሊት ነው። አርሶ አደሩ በሽታው በጨለማ የሚመጣ መስሎት ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? አፋን ኦሮሞ ብቻ ለሚናገረውማ ቃሉ ይህን ያህል ትርጉም እንኳ የለውም።

እንግሊዝኛው ጨርሶ ይቅር የሚል ክርክር የለኝም። የኬሚካሉ መያዣ ላይ የሚጻፈው፣ ተመራማሪው የሚያነበውም በዚያው ቋንቋ ነው። የማልቀበለው የባዕዱ ቃል ሳይንስ፣ የአርሶ አደሩ ቃል ደግሞ ተረት ተደርጎ መቆጠሩን ነው።

ለምሳሌ በሥልጠና ላይ በክብር የሚጠሩትን «ራስት» እና «ስመት» እንመልከት። የመጀመሪያው የብረት ዝገት፣ ሁለተኛው ጥላሸት ማለት ነው። የእንግሊዝ ገበሬ በማሳው ያየውን በቤቱ በሚያውቀው ነገር ጠራው፤ ሳይንቲስቱ ከገበሬው ወሰደው። የእኛም አባቶች ያንኑ አድርገዋል። ቅጠልና አገዳ ላይ ተነስቶ እጅና ልብስ የሚያቀልመውን ዋግ፣ እሸቱን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠውን አረማሞ ብለው ለይተውታል። ልዩነቱ የገንዘብ ጉዳይ ነው። አረማሞን ለመከላከል ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ይታከማል ወይም ንጹሕ ዘር ይመረጣል። ዋግ ግን ሰብሉ ቆሞ ሳለ በየጊዜው ተፈትሾ፣ እንደታየ በፍጥነት የሚረጭለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በሀገራችን ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ሲመታ፣ ኩብሳና ገለማን የመሳሰሉ በስፋት የተዘሩ ዝርያዎች ሊቋቋሙት አልቻሉም። ሁለቱንም በሽታዎች «ፈንገስ ነው» ብሎ ማለፍ ለአርሶ አደሩ ድሮ ከሚያውቀው ያነሰ ዕውቀት መስጠት ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን እንሰት ነው። በሸነንና በአካባቢው «ወርቄ» የሚባለው ይህ ተክል ከጓሮ የማይጠፋ የቤተሰብ መተማመኛ ነው። አጠውልግ የተባለው በሽታ ሲገባበት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ባሳተሙ ጊዜ «ዛንቶሞናስ» በሚባለው ወገን መደቡት። የዚህ ስም መነሻ በግሪክኛ «ቢጫ» ማለት ነው። እናቶች በቢላቸው ጫፍ ላይ የሚያዩትን ሳይንሱም ለስም መርጦታል!

እዚህ ላይ «ባክቴሪያ» የሚለው ቃል በትክክል ካልተብራራ ኪሳራ ያመጣል። በአማርኛ «መድኃኒት»፣ በኦሮምኛም «ቆሪቻ» ስንል ፀረ ነፍሳቱን፣ ፀረ ፈንገሱንና ፀረ አረሙን በአንድ ስም እንጠራለን። አርሶ አደሩ «በሽታ ነው» ሲባል መድኃኒት ፍለጋ ሱቅ ይሄዳል፤ የዋግ ኬሚካል ገዝቶ እንሰት ላይ ቢረጭ ገንዘቡ ከሰረ፣ በሽታውም ቀጠለ። አጠውልግን የሚያድን ርጭት የለም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላውንና መቆፈሪያውን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት፣ ችግኝ ከጤነኛ ማሳ መውሰድ ነው መፍትሔው። ይህን ለመናገር አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አያስፈልግም።

«ብሮድ ሊፍ»ም እንዲሁ ነው። ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊ አረም ያጠፋል ሲባል ኑግም ባቄላም ቅጠለ ሰፊ መሆናቸው አብሮ ካልተነገረ፣ ለጤፍ የተረጨው ነፋስ ወስዶት የጎረቤትን ኑግ ያቃጥላል።

አንዳንድ ባለሙያዎች የአካባቢ ስም ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፣ ያምታታል ይላሉ። እውነት ነው። ሳይንሳዊው ስም የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ የተለያዩትን ስሞች አንድ ላይ ያስራል። ግን ይተካቸዋል ማለት አይደለም። ጤፍ በዓለም የዕፅዋት መዝገብ «ኢራግሮስቲስ ጤፍ»፣ እንሰትም «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም» ተብለው ነው የተመዘገቡት። የውጭ ሊቃውንት ያላፈሩበትን የገበሬ ቃል የራሳችን የሥልጠና ወረቀት ሊያፍርበት አይገባም።

ሥራው ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ፤ በዕፅዋት ጥበቃ የቆየ ስም ያለው የአምቦ ምርምር ማዕከልም እዚሁ ነው፤ ድንቹን ሆለታ ያውቀዋል። የየበሽታው ፎቶ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ስሙ፣ ከሥሩም ምን እንደሚደረግለትና ምን እንደማይረጭበት የሰፈረበት አንድ ገጽ ወረቀት ማዘጋጀት ይችላሉ። ስሞቹ ከየቀበሌው ሽማግሌዎችና እንሰት ከሚፍቁ እናቶች ይሰብሰቡ። ወረቀቱም በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ግድግዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በኬሚካል መሸጫ ሱቆችም ይለጠፍ፤ በገበያ ቀን አርሶ አደሩን የሚያማክረው ብዙውን ጊዜ ሻጩ ነውና።