የጥቂቶች ታሪክ የሁሉም ትምህርት ነው

ተማሪዎች ሆይ፣ በዓለም ከተማ ገበያ የምትገዙትን እንስራና ጀበና የሠራችው እጅ የማን እንደ ሆነች ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? አባቶቻችሁ የሚያርሱበትን ማረሻስ የቀጠቀጠው ማን ነው? ዕቃው ከቤታችን ገብቶ በክብር ይቀመጣል፤ ሠሪው ግን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ይህን ነውር ከሥሩ ለመንቀል የተናቁ ወገኖችን ታሪክ በትምህርት ቤትና በሙዚየም ማስተማር ይገባል እላለሁ። ለዚህም የቤተ እስራኤል ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ ይሆነናል።

ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በስሜንና በትግራይ የኖሩ፣ ሕገ ኦሪትን የሚጠብቁ፣ ቅዱሳት መጻሕፍታቸውንም በግእዝ የሚያነቡ ወገኖች ናቸው። ሌላው ሰው «ፈላሻ» ሲላቸው እነርሱ ግን ይህን ስም እንደ ስድብ ይቈጥሩት ነበር። በብዙ ሥፍራ ርስት ስላልነበራቸው ኑሯቸውን የመሠረቱት በብረት ሥራ፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንበኝነት ላይ ነው። ገበሬው ያለ እነርሱ ማረስ አይችልም ነበር፤ ሆኖም ከማዕዱ አያቀርባቸውም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺሕ የሚሆኑት በሱዳን በኩል፣ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ።

እንግዲህ ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ታሪካቸው ለማን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ በሌላም አገር ተነሥቷል። በፖላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከሦስት ሚሊዮን በላይ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹ በናዚዎች እጅ አለቁ። ዛሬ በዋርሶ ከተማ በ2005 ዓ.ም. የተከፈተ የፖላንድ አይሁድ ታሪክ ሙዚየም አለ። ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር እየመጡ ዕቃውን ይመለከታሉ፤ ሰነዱን ያነባሉ፤ ይጠይቃሉ፤ ይከራከራሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች አይሁድ አይደሉም፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። የተናቀው ወገን መናቁን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ መማር የሚያስፈልገው የናቀው ነው።

«ይህ አሮጌ ቁስል መቀስቀስ ነው፤ ዝም ቢባል ይረሳል» የሚሉ አሉ። ዝምታ ግን ስድብን አያስረሳም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከአንዳንድ ሰው አፍ አልጠፋም። አዋጅ ምላስን ይገታ ይሆናል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ዕውቀት ነው።

«ጎንደር ከመርሐቤቴ ምን አገናኘው?» ትሉም ይሆናል። በሰሜን ሸዋና በአዲስ አበባ ቀጨኔ ሸክላና ሽመና ሲሠሩ ከኖሩት መካከል ዘራቸውን ከቤተ እስራኤል የሚቈጥሩ ወገኖች አሉ። ነገሩ ከደጃችን ነው ማለት ነው። ቢሆንም የማንንም ዘር መርምሩ አልላችሁም፤ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ወድዶ ሲሆን ብቻ ነውና።

እኔ የምላችሁ ይህን ነው። ሙዚየም እስኪሠራላችሁ አትጠብቁ። ከትምህርት ቤታችሁ አንድ ክፍል፣ ክፍል ቢጠፋ አንድ ጥግ ለቅርስ ይሰጥ። እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ የእጅ ሥራ አምጡ። ወደ ሠሪው ሄዳችሁም ጭቃው ከየት እንደሚቆፈር፣ ብረቱ እንዴት እንደሚግል፣ ሙያውን ከማን እንደ ተማረ በአክብሮት ጠይቁ፤ ፈቃዱ ከሆነ ስሙን ከዕቃው አጠገብ ጻፉ። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ዕድል ብታገኙም በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ጎብኙ። ነገር ግን ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ግቡ፤ ጥያቄ ያልያዘ ጎብኚ ዓይኑን አጥግቦ ባዶውን ይመለሳልና።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የሚታወቀው በመጨረሻ በሙዚየሙ ውስጥ አይደለም። በክፍላችሁ ውስጥ አንዱ ልጅ የባለእጅን ልጅ በአባቱ ሙያ ሲሰድበው ሌሎቻችሁ አብራችሁ ትስቃላችሁን? ወይስ «ተው፣ ነውር ነው» ትሉታላችሁ? የተማራችሁትን ታሪክ የሚፈትነው ይህ ነው።