መቅዳት መስረቅ ነውን?

አንዳንድ ወንድሞቻችን የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ በባለቀለም እርሳስ የሚቀዳውን ተማሪ «የራሱ ሐሳብ የሌለው» እያሉ ይነቅፉታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

የሆላንዱ ሠዓሊ ዮሐንስ ቬርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የሣላትን፣ ዛሬ በሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ቤተ መዘክር የምትገኘውን ባለ ሉል ጉትቻ ልጃገረድ እንመልከት። ሉሉ ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ሊቀዱት ሲቀመጡ ግን ጥቂት የነጭ ቀለም ንክኪ ሆኖ ይገኛል። ከጆሮዋ የሚያንጠለጥለው ማያያዣ እንኳ አልተሣለም። ቬርሜር ነጩን በጨለማው ቀለም ላይ ደረበ። ነጭ እርሳስ ግን ጥቁሩን ስለማይሸፍን፣ በእርሳስ የሚሠራው ተማሪ ብርሃን የሚያርፍበትን ወረቀት ከመጀመሪያው ባዶ መተው አለበት። እንግዲህ ዓይኑ ቬርሜርን ቢከተልም መንገዱን የሚፈልገው በራሱ አእምሮ ነው። ይህ ማሰብ ካልሆነ ማሰብ ምንድን ነው?

ነውሩ መቅዳቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ «ከቬርሜር የተቀዳ» ብሎ የጻፈ መምህሩን አከበረ እንጂ አልሰረቀም። የራሱን ስም ብቻ የሚያኖር ግን በፈተና ላይ የጓደኛውን ወረቀት ከሚገለብጥ በምን ይለያል?

ስለዚህ እርሳሳችሁን ቅረጹ፤ ቅዱ፤ ከማን እንደቀዳችሁም ጻፉ እንላለን።