ሽማግሌ የሌለው ሰው ሕግ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ፍርድ ቤቱም ፖሊሱም በአብዛኛው ከሥራ ወጡ። እንደ ካላክላ ባሉ የደቡብ ሰፈሮች የሚኖረው ሰው ግን ያለ ደንብ አልቀረም። በከተማዋ የሠፈር ወጣቶች የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴ አቋቁመው፣ «ተካያ» በሚሉት የጋራ ማብሰያ ፉልና ምስር እየቀቀሉ፣ ማን ቀድሞ ሰሐኑን እንደሚያቀርብ ራሳቸው ይወስኑ ነበር። ያዘዛቸው አዋጅ የለም። ሕግ ከመንግሥት በፊት የኖረ ነው የሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም። የሱዳን የወንጀል ሕግም (1991 እ.ኤ.አ.) የነፍስ ካሳ የሆነውን ዲያ በ100 ግመል ወይም በዚያ ልክ በገንዘብ የሚተምነው፣ ከእሱ እጅግ የቀደመውን ልማድ ሃይማኖት አጽድቆት ስላገኘው ነው። እኛም ዘንድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 በሸፈናቸው ጉዳዮች ልማዱን ቢሽርም፣ ሽምግልናው አልሰማውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎች ፈቃድ መልሶ በር ከፈተለት።

እንግዲህ ልማዱ ከተጻፈው ሕግ ይበልጣል ማለት ነው? አይመስለኝም። ልማድ የሚያውቀው የራሱን ልጅ ነው። ዲያ ሳይታሰብ ለጠፋ ነፍስ ሲከፈል ወገን ተዋጥቶ ያግዛል፤ የሟች ወገንም ይጠይቃል። ካላክላ ውስጥ ደመወዟን የተከለከለች ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ግን ማን ይዋጣላታል? ሽማግሌ ቢቀመጥ አሠሪዋን ከነአባቱ የሚያውቅ፣ እሷን ግን በስሟም የማይጠራ ነው። ባይተዋር መቆሚያ የሚያገኘው በተጻፈ አንቀጽ ላይ ነው።

የተጻፈውም ሕግ ለእሷ ደግ አልነበረም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በካርቱም የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ሻይ ሻጭ ሴቶች ከጎዳና ይታፈሱ፣ ዕቃቸውም ይወሰድ ነበር። ነገር ግን ያ ሕግ ስምና ቁጥር ስለነበረው ሰዎች ለይተው ታገሉት፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ተሻረ። ያልተጻፈን በደል ግን የሚሽረው ምክር ቤት የትኛው ነው? ሽምግልና ፈጣንና ርካሽ መሆኑን፣ ደም እንደሚያደርቅም አልክድም፤ ይኑር። ግን «ፈቃድሽ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሴቲቱ የሌላው ወገን ሽማግሌዎች መሐል ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ከቀረበላት መልሷ ፈቃድ ሊባል አይችልም። የተስማሙበት ቃል ይጻፍ፣ ግልባጩ ይሰጣት፣ ቅር ካላትም ዳኛ ዘንድ ይዛው ትሂድ።